ስፌቱ የሚታይ ድሪቶ

የሰው ልጅ የሚጫወትበት ነገር ብዙ ነው፤ በቃል የሚጫወተው ጨዋታ ግን ከሌላው ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበጣ የሚጫወቱበት ጠጠር ቢጠፋ ጉዳቱ የጠጠር ነው፤ ሌላ ጠጠር ይተካዋል። ቃል ግን ባለቤት አለው። ተናጋሪው በሕይወት ሳለ የልቡ መልእክተኛ ነው፤ ከሞተም በኋላ የስሙ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሌላ ሰው ቃል የሚጫወት ሰው፥ ጨዋታው ምንም ያህል ቀላል ቢመስል፥ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ይኸውም ባለቤቱ ያላሰበውን ነገር በባለቤቱ ቃል መናገር የተገባ ነውን? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ከሚያስነሡት ጨዋታዎች አንዱ በመጻሕፍት ጀርባ ላይ ከተጻፉት አርእስት የሚሠራው ግጥም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት ይቆማል፤ በየመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈውን ስም ያነባል፤ ከዚያም ጥቂቶቹን መርጦ አንዱን በሌላው ላይ ያጋድማል። አርእስቱ ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ እንደ ግጥም ስንኝ ይሆናሉ። ተጫዋቹ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም፤ ከመጽሐፉም አንዲት ፊደል አይፍቅም። የእርሱ ድርሻ መምረጥ፥ ማስቀደምና ማስከተል ብቻ ነው።

ይህን ጨዋታ የሥነ ጥበብ ሥራ አድርጋ ያስታወቀችው ኒና ካቻዱሪያን የተባለች አሜሪካዊት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በአንድ መኖሪያ ቤት፥ ከትምህርት ጓደኞቿ ጋር ሳለች፥ የቤቱን መጻሕፍት እየደረደረች ጀመረችው። ከዚያም ወዲህ በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞረች ድርድሮቹን በፎቶግራፍ ታነሣቸው ጀመር። በ2004 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ የስዊድናዊውን ደራሲ የአውጉስት ስትሪንድበርግን መጻሕፍት፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በካንሳስ የአሜሪካዊውን ደራሲ የዊልያም በሮውስን መጻሕፍት ደርድራለች። ሁለቱም ደራስያን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። በሕይወት የሌለ ሰው መጻሕፍቱ በባዕድ እጅ ተሰልፈው የእርሱን ጠባይ ሲናገሩ፥ «እንዲህ አይደለም» ብሎ ሊመልስ አይችልም። የጨዋታው ቅመምም፥ የጨዋታው አደጋም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጽሐፍ ስም በጀርባው ላይ መጻፉ ራሱ እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። በአውሮፓ የመጻሕፍት ጀርባ ወደ ግድግዳ፥ የገጾቹ ጠርዝ ወደ ውጭ ሆኖ የሚቀመጥበት ዘመን ነበረ፤ ስሙም ሲጻፍ በጠርዙ ላይ ይጻፍ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ተደጉሶ፥ ቆዳ ለብሶ፥ በማኅደሩ ገብቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በጀርባው የተጻፈ ስም የለውም። ስሙን ለማወቅ የሚሻ ሰው ከማኅደሩ አውጥቶ መግለጥ ነበረበት፤ ወይም የሚያውቀውን መምህር መጠየቅ። በዚህ ሥርዓት የመጽሐፍን ስም ማወቅና መጽሐፉን መግለጥ አንድ ሥራ ነበሩ። ስሙ ወደ ጀርባው በወጣ ጊዜ ግን ሁለቱ ተለያዩ፤ መጽሐፉን ያልገለጠ ሁሉ ስሙን ማንበብ ቻለ። ጨዋታውም የተወለደው ከዚህ መለያየት ነው።

የጨዋታውን ኀይል ለመረዳት ሁለት መጻሕፍት ይበቃሉ። ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ የተዘጋጀ፥ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን፥ የቀዳማዊ ምኒልክንና የታቦተ ጽዮንን ነገር የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፥ በኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰ የሕግ መጽሐፍ ነው። የሁለቱ ስም አንድ ዘርፍ አለው፤ ይኸውም «ነገሥት» ነው። እንግዲህ ክብረ ነገሥትን ከላይ፥ ፍትሐ ነገሥትን ከታች አድርጎ ያጋደመ ሰው ከራሱ ምንም ሳይናገር ነገር ተናግሯል። ዐይን ከላይ ይጀምራልና፥ «የነገሥታት ክብር ይቀድማል፥ ፍትሕ ይከተላል» ብሎ ያነባል። ክብደት ግን ከታች ይጀምራልና፥ እጅ ሌላውን ያነባል፤ ከታች ያለውን ፍትሕ ስቦ ያወጣ እንደ ሆነ ከላይ ያለው ክብር ይወድቃል። ዐይን ያነበበው ሰም ነው፤ እጅ ያነበበው ወርቅ ነው። ሁለት መጻሕፍት ተጋድመው የአንድ ጉባኤ ቃና ያህል ምሥጢር ተሸከሙ።

ነገር ግን ይህን ምሥጢር የተናገረው ማን ነው? የክብረ ነገሥት ጸሓፊ አይደለም፤ የእርሱ አሳብ የመንግሥቱን ዘር ከሰሎሞን፥ ክብሩንም ከታቦተ ጽዮን ማስተሳሰር ነበር። ኢብን አል-ዐሳልም አይደለም፤ እርሱ በግብፅ ላሉ ክርስቲያኖች የሕግ ሥርዓት ሲሰበስብ በኢትዮጵያ ስለ ነገሥታት ክብር የሚቀርበውን ክርክር አላሰበም። ምሥጢሩን የወለደው የሁለቱ ጉርብትና ነው፤ ጐረቤት ያደረጋቸው ደግሞ ደርዳሪው ነው።

በአማርኛ መጻሕፍትም ቢሆን ነገሩ ይገለጣል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን አሳትመዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ሦስቱን እንዲህ ቢደረድራቸው፦

ወዳጄ ልቤ፤
ፍቅር እስከ መቃብር፤
አዲስ ዓለም።

ሰው ከልቡ ጋር ሲነጋገር፥ ፍቅር እስከ መቃብር እንደሚያደርስ፥ ከመቃብርም ማዶ አዲስ ዓለም እንዳለ ለልቡ ሲያጽናናው ይሰማል። ድርድሩን ገልብጦ ከ«አዲስ ዓለም» ቢጀምር፥ አዲስ የመጣውን ሁሉ እስከ መቃብር ሲወድድ ኖሮ በመጨረሻ ከልቡ በቀር የሚያናግረው ያጣ ሰው ይታያል። ቃሉ ያው ነው፤ መጽናናቱ ግን ወደ ጸጸት ተለወጠ።

መጻሕፍቱን የገለጠ አንባቢ ግን በዚህ ይቆማል። በኅሩይ መጽሐፍ አዲስ ዓለም የተባለው ከመቃብር ማዶ ያለው ዓለም አይደለም። አወቀ የተባለ ወጣት በፈረንሳይ አገር ተምሮ ተመልሶ፥ በአገሩ የጋብቻና የተዝካር ልማድ ሊያሻሽል ሲደክም የሚተርክ፥ ፊቱ ወደዚህ ዓለም ኑሮ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ1931 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ያረፉ ናቸውና፥ ከ27 ዓመት በኋላ የታተመውን የሐዲስን መጽሐፍ አላዩትም። እንግዲህ ያላዩትን መጽሐፍ ጐረቤት ተሰጥተው፥ ያላሰቡትን ትርጓሜ እንዲናገሩ ተደረጉ። ድርድሩ መልካም ነው፤ ግን እውነት ነውን?

በዚህ ላይ የቅኔ ቤት ሥርዓት የሚያቀርበው ክርክር አለ። በቅኔ ቤት ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለየበዓሉና ለየዕለቱ አዲስ ይፈለጋል። ተማሪ ከአንቀልባው ጀምሮ በሰማው ቃል ሁሉ ይጠቀማል፤ ከመጽሐፍ ታሪክ፥ ከአገር ምሳሌ፥ ከሰው ጠባይ ይወስዳል። የሌላ ሰው ቅኔ እንዳለ አንሥቶ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ግን ውርደት ይሆንበታል። የሚያስደንቀው ነገር፥ ቅኔን በጉባኤ ማቅረብ በአማርኛ «ቅኔ መዝረፍ» መባሉ ነው። ባለቅኔ ዘራፊ ይባላል፤ ሆኖም የባልንጀራውን ቅኔ አይዘርፍም። የሚዘርፈው ከቋንቋው መዝገብ ነው፤ ይህ መዝገብ ቢዘረፍ የማይጐድል፥ ይልቁንም የሚበዛ ነው።

የመጻሕፍት ጀርባ ገጣሚ በዚህ ሚዛን ቢመዘን የት ይወድቃል? በአንድ በኩል ሲታይ ጨርሶ ሌባ ይመስላል፤ ከራሱ አንዲት ቃል የለውምና። በሌላ በኩል ሲታይ ከሌብነት የራቀ ነው፤ ምክንያቱም ሌባ የወሰደውን ይሸሽጋል፥ ይህ ግን የወሰደውን ከነባለቤቱ ስም በአደባባይ ያቆመዋል። የደራሲው ስም ከአርእስቱ አጠገብ በዚያው ጀርባ ላይ ተጽፎ ይታያል። በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ሰሙ የደራሲው፥ ወርቁ የደርዳሪው ነው። ደግሞም አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል፤ እዚህ ግን ሰሙ አይቀልጥም፤ መጽሐፉ ፊደሉ ሳይጐድል ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። የጥንት ሮማውያንና ግሪኮች ከታላላቅ ባለቅኔዎቻቸው መጽሐፍ ስንኝ ስንኝ እየለቀሙ፥ እየገጣጠሙ፥ ሌላ ታሪክ የሚናገር ግጥም ይሠሩ ነበር። ይህንንም ግጥም ሮማውያን «ኬንቶ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ድሪቶ፥ ከብዙ ጨርቅ ቁራጭ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ከአሠሪዎቹ አንዱ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቦርዶው መምህር አውሶንዮስ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቫለንቲንያን ከቨርጂል ስንኝ የተሰፋ የሠርግ ግጥም ራሱ ሠርቶ፥ አውሶንዮስም እንዲወዳደረው አዘዘው። አውሶንዮስ ሥራውን 14 የአጥንት ቁርጥራጮች ካሉት የልጆች መጫወቻ ጋር አመሳሰለው፤ ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ አንድ ጊዜ ዝሆን፥ አንድ ጊዜ እሪያ፥ አንድ ጊዜ የሚበር ዝይ ይሆናሉ። ሕጉንም ተናገረ፤ ሁለት ተከታታይ ስንኝ እንዳለ መውሰድ ድካም ነው፥ ሦስት መውሰድማ ከንቱ ነገር ነው አለ። ግጥሙ ግን ሲፈጸም፥ በጨዋነቱ የተመሰገነው ቨርጂል ያላለውን የጫጉላ ሌሊት ነውር በቨርጂል ቃል ተናገረ።

በዚያው መቶ ዓመት ፕሮባ የተባለች የሮም ሴት ከዚያው ከቨርጂል ስንኝ የፍጥረትን ታሪክና የጌታን ነገር የሚናገር ድሪቶ ሰፋች። የእርስዋ አሳብ ከአውሶንዮስ አሳብ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ሆኖም ሄሮኒሞስ ለጳውሊኖስ በጻፈው መልእክት እንዲህ ያለውን ሥራ የልጆች ጨዋታ ብሎ ነቀፈው፤ ቨርጂልን ያለ ክርስቶስ ክርስቲያን ማሰኘት ይሆናልና። ነቀፋው ከባድ ነው፤ ነገር ግን በፕሮባ ላይ እንዳለ ሊወድቅ አይገባውም። ፕሮባ በመቅድሟ የምታደርገውን በግልጥ ተናግራለች፤ ስፌቱን አልሸሸገችም። ነቀፋው በእውነት የሚወድቀው፥ ድሪቶውን አንብቦ «ቨርጂል ራሱ እንዲህ ተንብዮ ነበር» በሚል ሰው ላይ ነው።

ከሁለቱ ታሪክ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል። አውሶንዮስ የሠራው ነውር ነው፤ ነገር ግን ስፌቱ ስለሚታይ ነውሩ በቨርጂል ላይ አልተለጠፈም፤ የአውሶንዮስ ሆኖ ቀረ። የፕሮባ ሥራ ቅን ነው፤ ነገር ግን ስፌቱን የማያይ አንባቢ ቢያነበው ከቅን ሥራ ሐሰት ይወለዳል። እንግዲህ የአሳብ ቅንነት ብቻውን ሥራውን አያጸድቅም፤ የጨዋታ ቅልለትም ብቻውን አይኰንነውም። ለመልካም ነገር ተብሎ የተሸሸገ ስፌት፥ ለሣቅ ተብሎ ከተገለጠ ስፌት ይልቅ ይከፋል። በሐሰት የተደገፈ መልካም ነገር ሐሰቱ በተገለጠ ጊዜ ራሱም ይጠረጠራልና።

ከሁለቱ 200 ዓመት ያህል ቀድሞ የሊዮን ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ የነገሩን ሥር አሳይቶ ነበር። ግኖስቲክ የተባሉት መናፍቃን የመጻሕፍትን ቃል ከዚህም ከዚያም እየለቀሙ ለራሳቸው ትምህርት ሲገጥሙ ባየ ጊዜ፥ በምሳሌ ተናገረ። ብልህ ሠራተኛ በከበሩ ዕንቍዎች የንጉሥን መልክ ሠርቶ ሳለ፥ ሌላው መጥቶ ዕንቍዎቹን ነቃቅሎ የውሻ ወይም የቀበሮ መልክ ቢሠራና «ያ የንጉሥ መልክ ይህ ነው» ቢል፥ ዕንቍዎቹ እውነተኞች ስለ ሆኑ ንጉሡን አይቶ የማያውቅ ሰው ይታለላል። ቀጥሎም ከሆሜር ስንኞች የተሰፋ አጭር ድሪቶ አቀረበ። ሆሜርን የማያውቅ ሰው ሆሜር ስለዚህ ነገር ጽፏል ብሎ ያምናል አለ፤ የሚያውቅ ግን ስንኞቹን ይለያቸዋል፥ ነገሩን ግን አይቀበለውም፤ ይህ ስለዚህ ሰው የተባለ ነው፥ ያ ስለዚያ የተባለ ነው እያለ እያንዳንዱን ስንኝ ወደ ቦታው ይመልሳል።

ፍርዱ የሚገኘው በዚህ ምሳሌ ውስጥ ነው። የዚያ ሠራተኛ በደል ዕንቍዎቹን ማንቀሳቀሱ ብቻ አይደለም፤ ቀበሮ መሥራቱም ብቻ አይደለም። ታላቁ በደል ቀበሮውን «ንጉሥ ነው» ማለቱ ነው፤ ደግሞም የንጉሡን መልክ አፍርሶ፥ ተመልሶ የሚያይበትን መንገድ ማጥፋቱ ነው። እንግዲህ በሰው ቃል የሚጫወት ሰው ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንደኛው ስፌቱ እንዲታይ ነው፤ ይህ ቃል የእገሌ ነው፥ ይህ አገጣጠም ግን የእኔ ነው ብሎ ድርሻውን መለየት። ሁለተኛው መመለሻው እንዳይዘጋ ነው፤ የተወሰደው ቃል በቀድሞ ቦታው ሳይፈርስ ቆይቶ፥ የሚሻ ሁሉ ሄዶ እንዲያየው።

የመጻሕፍት ጀርባ ግጥም ሁለቱን በተፈጥሮው ይፈጽማል። በሁለት መጻሕፍት መካከል ያለው ክፍተት የስፌቱ መስመር ነው፤ ማንም ሊሸሽገው አይችልም። መጻሕፍቱም ሙሉ ናቸው፤ የተጠራጠረ አንባቢ አንዱን ከድርድሩ መዝዞ ሊገልጠው ይችላል። በዚህ ዊልያም በሮውስ ራሱ ካደረገው ነገር ይለያል። በሮውስ ከባልንጀራው ከብራየን ጋይሲን ጋር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የተጻፈን ገጽ በመቀስ እየቈረጠ ቍራጮቹን እያዛወረ ይገጥም ነበር። ካቻዱሪያን በቤተ መጻሕፍቱ ገብታ ስትጫወት ግን መቀስ አላስፈለጋትም፤ የደረደረቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ወደ መደርደሪያቸው ሊመለሱ የሚችሉ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ ቀላል ጨዋታ የበዛ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከጨዋታው ውጭ ያለውን ዓለም ይመልከት። ምስክር ከሰማው ነገር ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን ሲናገር፥ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ንጹሕ ሰው ይፈረድበታል። አስታራቂ ሽማግሌ የአንዱን ቍጣ ከሌላው ዝምታ አጠገብ ቢያቆም፥ ሁለቱም ያላሰቡት ጠብ ይነሣል። የሟች ኑዛዜ፥ የመምህር ትምህርት፥ የጐረቤት ወሬ ሁሉ በዚህ መንገድ ሊፈርስ ይችላል። በዚህ ዘመን ደግሞ የሰው ድምፅና ምስል እንደ ጨርቅ ተቈርጦ ይሰፋል፤ ስፌቱም በዐይን አይለይም። ሐሰተኛ የሚባለው ቃል የፈጠረ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ከእውነተኛ ቃላት ሐሰትን መስፋት ይቻላል። የደርዳሪ እጅ የተናጋሪን ያህል ዕዳ አለበት።

በጨዋታው ላይ የሚነሣ ሌላ ነቀፋ አለ። ይህ ሰውን በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ያስቀራል፤ ውስጡን ሳይገልጥ ያነበበ ያስመስለዋል የሚሉ ይኖራሉ። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም። ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ከደጃፍ ተመልሶ ስለ እልፍኙ እንደሚያወራ እንግዳ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የደጃፉ አይደለም። ደራሲ ለመጽሐፉ ስም ሲያወጣ፥ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው በደጅ ያቆመዋል፤ ስለዚህ መንገደኛ በዚያ ስም ቢጫወት አልሰረቀም። ደግሞም መልካም ድርድር አንባቢውን በደጅ አያስቀረውም። «አዲስ ዓለም» ከመቃብር በኋላ ቆሞ ያየ ሰው፥ በእውነት መጽሐፉ ስለዚያ ይናገር እንደ ሆነ ሊያውቅ ይሻል፤ ይገልጠዋል፤ እንዳልሆነም ይረዳል። ደራሲው በዚያች ሰዓት አንድ አንባቢ አገኘ። ጨዋታው ያሳሳተውን ራሱ ጨዋታው ወደ እውነቱ መራው።

ልጆች ይህን ጨዋታ ቢጫወቱ የሚከለክላቸው ሊኖር አይገባም፤ ይልቁንም ሥርዓቱን ያስተምሯቸው። ድርድሩን ሲያነቡ የየደራሲውን ስም አብረው ይጥሩ፤ ስቀው ሲጨርሱ፥ ከደረደሯቸው መካከል ቢያንስ አንዱን ገልጠው ቃሉ በቦታው ሳለ ምን ይል እንደ ነበረ ይመልከቱ፤ ከዚያም እያንዳንዱን መጽሐፍ ወዳነሡበት ይመልሱ። ይህን የለመደ ልጅ ባደገ ጊዜ የሰውን ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያደርስ የማን ቃል እንደ ሆነ ሳይናገር አያልፍም፤ የተሰፋ ወሬም ሲያመጡለት አስቀድሞ ስፌቱን ይፈልጋል።